ከትምህርት ገበታ መቅረትና መታገድ

ከትምህርት ገበታ መቅረት ተማሪው በጤና፣ በቤተሰብ ወይም በሌላ ምክንያት ክፍል ሳይገኝ የሚውልበት ሁኔታ ሲሆን፣ እገዳ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ራሱ ለተወሰኑ ቀናት ወይም ለዘለቄታው በሩን የሚዘጋበት እርምጃ ነው። በመዝገብ ላይ ተለያይተው ቢሰፍሩም፣ በችግረኛ ቤተሰብ ልጅ ሕይወት ውስጥ አንዱ ሌላውን ይወልዳል፤ ደጋግሞ የቀረ ልጅ ትምህርቱ ይከብደዋል፣ ያልገባው ልጅ ይረብሻል ወይም ያፈገፍጋል፣ ሲረብሽ ይታገዳል፣ ከእገዳ ሲመለስም ክፍሉ ጥሎት ሄዷል። በመቅረቱ የሚታገድ ተማሪማ የጎደለው ነገር ራሱ ቅጣት ሆኖ ይጨመርበታል። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አገሮች ተማሪዎች አዘውትረው እንዲማሩ እንዲያበረታቱና ማቋረጥን እንዲቀንሱ፣ የትምህርት ቤት ሥርዓትም የልጁን ሰብዓዊ ክብር የጠበቀ እንዲሆን በአንድ አንቀጽ፣ በ28ኛው፣ ማስፈሩ ተገቢ ነው።

ችግሩ ብዙ ጊዜ ሳይታይ የሚቀረው በአቆጣጠሩ ምክንያት ነው። 200 ተማሪዎች ባሉት ትምህርት ቤት በየቀኑ በአማካይ 95 በመቶው ቢገኙ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን 50 ልጆች ከ180 የትምህርት ቀናት 36ቱን ቀርተው ሌሎቹ 150 አንድም ቀን ባይቀሩ አማካዩ ያው 95 በመቶ ነው። ስለሆነም የቀኑ ድምር ሳይሆን የእያንዳንዱ ልጅ መዝገብ መታየት አለበት። በብዙ ቦታ ከትምህርት ቀናት 10 በመቶውን የቀረ ልጅ ሥር በሰደደ መቅረት ይመደባል፤ ይህም በወር ሁለት ቀን ያህል ብቻ መሆኑን ብዙ ወላጆች ሲሰሙ ይደነግጣሉ።

ልጁ የሚቀረው በስንፍና ነው የሚለው ግምት ከሁሉ በላይ ጎጂ ነው። ረሃብ፣ ሕመም፣ ታናናሾችን መጠበቅ፣ ለቤተሰብ መሥራት፣ ደጋግሞ ቤት መቀየር፣ በወር አበባ ጊዜ የሚመች መጸዳጃ ማጣት፣ ጉልበተኛ ተማሪዎችን መፍራት ሁሉም በስም መጥሪያው ላይ አንድ ዓይነት ምልክት ሆነው ይሰፍራሉ። መፍትሔው ግን እንደ ምክንያቱ ይለያያል። ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ1997 በጀመረችው ፕሮግሬሳ በተባለ ፕሮግራም፣ ልጆቻቸው አዘውትረው ትምህርት ቤት ለሚገኙ ችግረኛ እናቶች ገንዘብ ይከፈል ነበር፤ ለሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎች የሚሰጠውም ከወንዶቹ ይበልጥ ነበር። በምዕራብ ኬንያ ለተማሪዎች የአንጀት ትላትል መድኃኒት በመስጠት የተካሄደ ጥናት ደግሞ መቅረት በሩብ ያህል መቀነሱን ዘግቧል፤ ውጤቱ በኋላ በተመራማሪዎች መካከል ክርክር ቢያስነሳም፣ የሕክምና ጉዳይ የትምህርት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል።

እገዳን መቀነስ ማለት ሁከትን ዝም ማለት አይደለም። በደል የደረሰበት ልጅ ሊጠበቅ፣ አጥፊውም ጉዳቱን ሰምቶ ሊክስ ይገባል፤ ሽምግልናን የሚመስለው የማስታረቅ አሠራርም የቆመው በዚህ ላይ ነው። እገዳ የግድ ሲሆን ገደብ ያስፈልገዋል፦ በእንግሊዝ ጊዜያዊ እገዳ በአንድ የትምህርት ዓመት ከ45 ቀን አይበልጥም፣ ከአምስት ቀን በላይ የታገደ ልጅም ከስድስተኛው ቀን ጀምሮ የሚማርበት ቦታ ሊዘጋጅለት ይገባል። ልጁ በተመለሰበት ጠዋት የሚያውቀው መምህር በር ላይ ቢቀበለው፣ ያመለጠው ትምህርት ተጽፎ ቢጠብቀውና ወላጁም ለወቀሳ ሳይሆን ለምክክር ቢጠራ፣ ሁለተኛው እገዳ የመድረስ ዕድሉ ያንሳል።