ድሬና ሐረር ላይ ለሳይንስ መቁጠር፦ በጎ ፈቃደኞችና የተፈጥሮ መረጃ

የዜጎች ሳይንስ የሚባለው ነገር ቀላል ነው። ደመወዝ የማይከፈለው ተራ ሰው ያየውን ወፍ፣ የለካውን ዝናብ፣ ያገኘውን ትንኝ ከቀኑና ከቦታው ጋር መዝግቦ ለተመራማሪዎች ያቀብላል። ዲግሪ አይጠየቅም። ድሬዳዋና ሐረር ደግሞ ለዚህ የተመቹ ከተሞች ናቸው፤ መመዝገብ ያለበት ነገር ግቢያችን ውስጥ ነው፣ ጫካ ድረስ አያስኬድም።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በፈረንጆቹ 1900 ፍራንክ ቻፕማን የሚባል አሜሪካዊ የአእዋፍ ባለሙያ፣ በገና ዕለት ወፍ መግደሉን ትተን እንቁጠር ብሎ ሰው አስተባበረ። የመጀመሪያው ቀን 27 ሰው ነው የወጣው። ቆጠራው እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳል።

ወደ እኛ እንምጣ። ድሬ ላይ በጣም አስቸኳዩ ጉዳይ ትንኝ ነው። አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የወባ ትንኝ የደቡብ እስያ ዘር ናት፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ላይ ታየች፣ በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች፣ በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ተመራማሪዎች ዋና ተጠያቂ ያደረጓት እሷን ነው። የምናውቃት የወባ ትንኝ የዝናብ ኩሬ ትፈልጋለች። ይቺኛዋ ግን በርሜልና የውኃ ታንከር ይበቃታል፣ ስለዚህ በበጋም ትራባለች። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ደግሞ በርሜል የሌለው ቤት የለም! ባለሙያ በየቤቱ እየዞረ በርሜል ሊከፍት አይችልም፤ የቤቱ ሰው ግን በየቀኑ ይከፍተዋል።

እንዴት ይታያል? ጥላችሁ ውኃው ላይ ሲያርፍ እጮቹ ወደ ታች ስለሚሰምጡ ክዳኑን ከፍታችሁ ትንሽ ታገሡ። ከዚያ በነጭ ሳህን ቅዱ። እጩ ከውኃው ገጽ ጋር ትይዩ ሆኖ ከተጋደመ የአኖፊለስ ወገን ነው። ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ ከተንጠለጠለ ሌላ ዘር ነው፣ የደንጊ ትኩሳትን የምታስተላልፈው ኤዲስ የምትባል ትንኝም እጯ እንዲህ ነው የሚንጠለጠለው፤ ደንጊ ደግሞ በ2013 እ.ኤ.አ. ድሬን እንዴት እንዳመሳት የምናውቅ እናውቃለን። በስልክ ፎቶ አንሱት። ግሎብ ኦብዘርቨር የሚባለው የናሳ መተግበሪያ የእጩን ፎቶና ቁጥር፣ የተገኘበትንም ዕቃ ዓይነት ይቀበላል፤ በመጨረሻም ውኃውን ደፋችሁት ወይ ብሎ ይጠይቃል። ስቴፈንሳይ መሆን አለመሆኗን የሚወስነው ባለሙያ ነው። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም አሳዩአት።

ሌላው ዝናብ ነው። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. ማብቂያ ድሬን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 ሰው በላይ ገደለ። ድሬ ተኝታ ሳለ ውኃው ከላይ ከደጋው ወርዶ ነው የደረሰባት። አሜሪካ ፎርት ኮሊንስ የምትባል ከተማም በ1997 እ.ኤ.አ. ድንገተኛ ጎርፍ መታት፣ አምስት ሰው ሞተ፣ ከሰፈር ሰፈር የጣለው ዝናብም ሰማይና ምድር ነበር። በዓመቱ ኮኮራስ የሚባል የበጎ ፈቃደኞች መረብ ተቋቋመ። እያንዳንዱ ሰው ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ የዝናብ መለኪያ ይተክላል፣ በየጠዋቱ አንብቦ ይልካል። ዝናብ ባልጣለ ቀንም ዜሮ ብሎ ይልካል፤ ዜሮ ካልተጻፈ ዝናብ አልነበረም ወይስ ሰውየው ረሳ የሚለው አይለይም። ለእኔ የዚህ ሥራ ልቡ ዜሮዋ ናት። መረቡ እኛ ጋ የለም። ግን ከላይ ከደጋው ከደንገጎ እስከ ታች ድሬ ከዚራ ሰፈር ጥቂት ትምህርት ቤቶች በየጠዋቱ ቢለኩ ስለ ደቻቱ ስንት ነገር እናውቅ ነበር!

አንበጣም አለ። በጥር 2020 እ.ኤ.አ. ከጅቡቲ ወደ ድሬዳዋ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን መንጋ ውስጥ ገብቶ መስታወቱ ተሸፍኖበት ድሬ ማረፍ ስላቃተው አዲስ አበባ ሄዶ አረፈ። በዚያው ዓመት የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ማንም ሰው ያየውን አንበጣ ከቦታው ጋር የሚልክበት መተግበሪያ አወጣ።

ሐረር ስንወጣ ነገሩ ይለሰልሳል። ጊድር መጋላ ሥጋ ገበያ የሄደ ሰው ጭልፊቶቹን ያውቃቸዋል፤ ከሰው እጅ ሥጋ ነጥቀው ይበራሉ። ኢበርድ በሚባለው፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው የኢንተርኔት የወፍ መዝገብ፣ ስንት እንደሆኑና በስንት ሰዓት እንዳያችኋቸው ትጽፋላችሁ። የለያችሁትን ወፍ ሁሉ እንድትጽፉም ይጠይቃል፤ ብርቁን ብቻ ከመዘገባችሁ፣ የተለመደው ሲመናመን ማን ያውቃል? ጥንብ አንሳ ለዚህ ምስክር ነው። በየከተማው ቄራ የምናየው ትንሹ ጥንብ አንሳ ዛሬ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት በእጅጉ ከተቃረቡት ወፎች ተመድቧል። በጀጎል ግንብ ቀዳዳዎች ሌሊት የሚገቡት ጅቦችም ነጠብጣባቸው እንደ አሻራ ስለሚለያይ ጥርት ባለ ፎቶ አንዱን ከአንዱ መለየት ይቻላል።

ያልሠለጠነ ሰው የላከው ይታመናል ወይ ለሚለው፣ መረጃው ይጣራል። አይናቹራሊስት በሚባለው፣ ሰው ያየውን ዕፅዋትና እንስሳ በሚመዘግብበት መተግበሪያ ላይ የላካችሁት ፎቶ ሌላ ሰው መርምሮ ካልተስማማበት ለምርምር አይበቃም። የከበደው ችግር ሌላ ነው። ሰው የሚመዘግበው መንገድና ኔትወርክ ባለበት ስለሆነ ከተማው ይበዛል፣ ገጠሩ ባዶ ይቀራል።

ስለ ቦታ አንድ ነገር ልበል። አይናቹራሊስት አዳኝ የሚያሳድዳቸውን እንስሳት ትክክለኛ ቦታ ራሱ ይደብቃል፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ግን አይደብቁም። ባቢሌ ሄዳችሁ ዝሆን ካያችሁ ፎቶውን ለጥፉ፣ የት እንዳያችሁት ግን አትጻፉ።