አምሪትሳር፦ ኩሬ የወለዳት ከተማ

ብዙዎቹ የሰሜን ህንድ ከተሞች ወንዝ ተከትለው ወይም ምሽግ ተጠግተው የተቆረቆሩ ናቸው። አምሪትሳር መነሻዋ ኩሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1577 የሲክ ሃይማኖት ተከታዮች (ሲኮች) አራተኛው ጉሩ፣ ማለትም መንፈሳዊ መምህር፣ ራም ዳስ ኩሬ አስቆፈሩ፤ ዙሪያውንም ከየአቅጣጫው ነጋዴና ባለእጅ እየጠሩ አሰፈሩበት። ስሟም ከዚያው የመጣ ነው። «አምሪት» የማይሞት የሚያደርግ መጠጥ ሲሆን «ሳር» ደግሞ ኩሬ ማለት ነው፤ በእኛ ጆሮ ሌላ ነገር ቢመስልም።

ከተማዋ ከዴሊ በስተሰሜን ምዕራብ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በፑንጃብ ግዛት፣ በራቪና በቢያስ ወንዞች መካከል በተዘረጋው ሜዳ ላይ ትገኛለች። ዙሪያዋ የስንዴና የሩዝ ማሳ ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ጉሙ እየወፈረ መንገድና አውሮፕላን ያስተጓጉላል። በ2011 በተደረገው ቆጠራ ነዋሪዋ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ነበር። ቋንቋዋ ፑንጃቢ ነው፤ የሚጻፈውም ጉርሙኪ በሚባለው ፊደል ነው።

ኩሬው መሃል የቆመውን ቤተ መቅደስ፣ ሃርማንዲር ሳሂብን፣ ያሠሩት አምስተኛው ጉሩ አርጃን ናቸው። ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሳው የተለበጠበትን ወርቅ ነው፤ ይበልጥ የሚናገረው ግን አሠራሩ ይመስለኛል። መቅደስ ሲባል ከፍታ ላይ ወጥቶ መታየት የተለመደ ነው፤ ወደዚህኛው የሚገባ ሰው ግን ደረጃ ይወርዳል። በሮቹም አራት ናቸው፤ ከየትኛውም አቅጣጫ ለሚመጣ፣ የየትኛውም ሃይማኖት ተከታይ ለሆነ ሰው ክፍት ነው ለማለት። የሲኮች ቅዱስ መጽሐፍ በ1604 እዚያ ተቀመጠ። መጽሐፉ እንደ ሕያው መምህር ስለሚቆጠር ማታ በተሸለመ ቃሬዛ ተሸክመውት ወደ ማደሪያው ይወስዱታል፣ ጎህ ሳይቀድ ይመልሱታል።

ወርቁ የመጣው ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት መቅደሱ ደጋግሞ ፈርሷል። በ1762 የአፍጋኑ ንጉሥ አሕመድ ሻህ ዱራኒ በባሩድ አፈረሰው፣ ኩሬውንም በፍርስራሽ ደፈነው። ሲኮች መልሰው ሠሩት። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ፑንጃብን አንድ አድርጎ የገዛው ራንጂት ሲንግ ነው የላይኛውን ክፍል ወርቅ በተቀባ የመዳብ ሉህ ያስለበጠው። እርሱ በ1839 ሞተ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላ እንግሊዞች ግዛቱን ጠቀለሉት።

ከመቅደሱ ጎን ላንጋር የሚሉት ማብያ ቤት አለ። ቀንም ሌሊትም አይዘጋም፤ በአዘቦት ቀን ከ50,000 ሰው በላይ ይመግባል፣ በበዓል ቀን ቁጥሩ እጥፍ ይሆናል። ክፍያ የለም። የገባ ሰው ጫማውን አውልቆ፣ ራሱን ሸፍኖ፣ ባለ ክፍል የብረት ትሪ ይቀበልና ወለል ላይ በተነጠፈ ረጅም ምንጣፍ በሰልፍ ይቀመጣል። የምስር ወጥ በባልዲ እየዞረ በጭልፋ ይታደላል፤ ሩዝ በወተትም ይከተላል። ቂጣ ሲመጣ ሁለት እጅ ዘርግቶ መቀበል ነው ደንቡ። ሚኒስትርም ይሁን የጋሪ ጎታች የሚቀመጠው እዚያው ምንጣፍ ላይ ነው፤ በዘር ተከፋፍሎ አብሮ መብላት ነውር በነበረበት አገር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ሽንኩርት የሚልጠው፣ ቂጣ የሚዳምጠው፣ ትሪ የሚያጥበው አብዛኛው ሰው ደመወዝ የለውም፤ ሥራው «ሴቫ»፣ ማለትም አገልግሎት ነው። የትሪው ኳኳታ ከግቢው መዝሙር ጋር ይደባለቃል።

ከመቅደሱ በእግር ጥቂት ደቂቃ ሄዶ ጃሊያንዋላ ባግ ይገኛል፤ በቤቶች ጀርባና በግንብ የታጠረ ሜዳ ነው። ሚያዝያ 13 ቀን 1919 ሕዝቡ ለባይሳኪ በዓልና የከተማዋን ሁለት መሪዎች መታሰር ለመቃወም ተሰብስቦ ሳለ፣ የእንግሊዝ ጦሩ ብርጋዴር ጄኔራል ዳየር 50 ተኳሾች አሰልፎ ያለ ማስጠንቀቂያ አስተኮሰ። አሥር ደቂቃ ያህል ውስጥ 1,650 ጥይት ተተኮሰ። መንግሥት የሟቹን ቁጥር 379 አለ፤ የህንድ ኮንግረስ ፓርቲ ግን ወደ 1,000 አደረሰው። ብዙዎች ከጥይት ሲሸሹ ጉድጓድ ውኃ ውስጥ ገብተው አለቁ፤ ጉድጓዱም፣ ጥይት የበሳው ግንብም ዛሬ ድረስ ይታያሉ። ዳየር በዚህ አላበቃም። አንዲት እንግሊዛዊት ሚሲዮናዊ በተደበደበችበት ጠባብ መንገድ የሚያልፍ ህንዳዊ ሁሉ በሆዱ እየተሳበ እንዲሄድ አዘዘ። የግዛቱን የያኔ ገዢ ኦድዋየርን ኡድሃም ሲንግ የተባለ ፑንጃቢ በ1940 ለንደን ላይ ተኩሶ ገደለው።

ህንድና ፓኪስታን የተለያዩበት የ1947ቱ ክፍፍል የከተማዋን ሕይወት ከሥሩ ቀየረው። ከነዋሪዋ ግማሽ የሚጠጋው ሙስሊም ነበር፤ እርሱ ወደ ፓኪስታን ሲሰደድ ሂንዱና ሲክ ስደተኛ በፋንታው ገባ። አሮጌው ከተማ ብዙ ቦታ ተቃጠለ። 50 ኪሎ ሜትር ብቻ የምትርቀው ላሆር፣ እህት ከተማዋ የነበረችው፣ የሌላ አገር ሆና አደረች። የካቡል መንገድ ገበያ የነበረችው አምሪትሳር በአንድ ክረምት የድንበር ከተማ ሆነች። ከ2017 ጀምሮ በቀድሞው ማዘጋጃ ቤት ስለ ክፍፍሉ ሙዚየም ተከፍቷል።

በሰኔ 1984 ደግሞ የህንድ ጦር የታጠቁ የሲክ ተገንጣዮችን ለማስወጣት ታንክ ይዞ ወደ መቅደሱ ግቢ ገባ። ከመቅደሱ ፊት ለፊት ያለው የሲኮች የሥልጣን መንበር፣ አካል ታክት፣ ፈራረሰ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ጠቅላይ ሚኒስትር ኢንድራ ጋንዲ በሲክ ጠባቂዎቻቸው ተገደሉ፤ ዴሊ ውስጥም ሲኮች ተጨፈጨፉ። መንግሥት ያደሰውን አካል ታክት ሲኮች አንቀበልም ብለው አፈረሱትና በራሳቸው ጉልበት እንደገና ገነቡት።

ሆድ የሚጠቅሰው ነገርም ብዙ ነው። ኩልቻ የሚሉት ድንች የተሞላ ቂጣ በሸክላ ምድጃ ይጋገርና ከሽምብራ ወጥ ጋር ቅቤ ተጨምሮበት ይቀርባል። የአምሪትሳር ዓሣ ሽምብራ ዱቄት ተለውሶ ይጠበሳል፤ ሽታውን የሚሰጠው ደግሞ የእኛው ነጭ አዝሙድ ነው። በአቅራቢያዋ ባለችው ጃንዲያላ ጉሩ ናስና መዳብ ቀጥቃጮች የሚሠሩት ዕቃ በ2014 በዩኔስኮ የባህል ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የህንድ ፊልም ሲያይ ያደገ ሰው ድምፁን የማይስተው ዘፋኝ ሞሐመድ ራፊም በ1924 የተወለደው በዚህ አካባቢ መንደር ነው።

አታሪ የሚባለው የድንበር በር ላይ ከ1959 ጀምሮ የህንድና የፓኪስታን ወታደሮች ማታ ማታ ባንዲራ የሚያወርዱበት ትርኢት አለ። እግር እስከ ግንባር ይነሳል፣ ጢም ይጠመዘዛል፣ ተመልካቹ ይጮሃል። ንግዱ ግን ግንኙነቱ በሻከረ ቁጥር ይቆማል፤ በ2019 እንደቆመው። ያኔ የአታሪ ተሸካሚዎችና የጭነት መኪና ባለቤቶች ሥራ ፈትተው ቀሩ።