የስፒድዌይ ሊግ «ደረጃ» ምንድን ነው? የአንዱን ዘመን ሊግ ከሌላው ማወዳደርስ ይቻላል?

ስፒድዌይ ፍሬን በሌላቸውና አንድ ማርሽ ብቻ ባላቸው 500 ሲሲ ሞተር ሳይክሎች፣ ልቅ አፈር በለበሰ ሞላላ መም ላይ የሚካሄድ ስፖርት ነው። አራት ተወዳዳሪዎች በአንድ ጊዜ ተነሥተው አራት ዙር ይሽቀዳደማሉ፤ ሁሉም ነገር አንድ ደቂቃ ገደማ ውስጥ ያልቃል። አንደኛ የወጣው 3፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ነጥብ ሲያገኙ አራተኛው ምንም አያገኝም። በሊግ ግጥሚያ ከአራቱ ሁለቱ የአንድ ቡድን፣ ሁለቱ የተጋጣሚው ናቸው፤ አንዱ ግጥሚያም ከአሥር በላይ በሆኑ እንዲህ ያሉ እሽቅድምድሞች ይገነባል።

ስፖርቱ ሥር በሰደደባቸው በብሪታንያ፣ በፖላንድና በስዊድን ለረጅም ጊዜ ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ፤ የየትኛው ዘመን ሊግ ደረጃው ከፍ ያለ ነበር? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ የሚከብደው «ደረጃ» ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ሳንወስን ስለምንከራከር ነው። እኔ የምቀበለው ትርጉም ይህ ነው፦ የአንድ ሊግ ደረጃ ማለት፣ አንድ ተወዳዳሪ በዚያ ሊግ ውስጥ አንዲት ነጥብ ለማግኘት ምን ያህል ብርቱ ሰው መቅደም ይኖርበታል የሚለው ነው። በዚህ ትርጉም መሠረት ደረጃ የሚለካው በዝነኞቹ ስም ብቻ ሳይሆን፣ በየቡድኑ በአምስተኛና በስድስተኛ ቦታ በሚሰለፉት ሰዎች ጥንካሬም ነው።

ብዙ ሰው ለማወዳደሪያ መጀመሪያ የሚያነሣው አማካይ ነጥብን ነው። በብሪታንያ ሊግ የአንድ ተወዳዳሪ አማካይ የሚገኘው ያስመዘገበው ነጥብ በተወዳደረባቸው እሽቅድምድሞች ብዛት ተካፍሎ በአራት ሲባዛ ነው። የቡድን ጓደኛውን ተከትሎ፣ ነገር ግን ከተጋጣሚ ቀድሞ የገባ ሰው የሚያገኘው ተጨማሪ ነጥብም ይደመርበታል። ከፍተኛው ውጤት 12 ሲሆን፣ ከ10 በላይ የሚያስመዘግብ ሰው በየትኛውም ዘመን ከሊጉ ምርጦች አንዱ ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር ዘመንን ከዘመን ለማወዳደር ፈጽሞ አያገለግልም፤ ምክንያቱም አራቱም ተወዳዳሪዎች በሚጨርሱበት በእያንዳንዱ እሽቅድምድም የሚከፋፈለው ነጥብ ሁልጊዜ 6 ነው። ተሽቀዳዳሚዎቹ አራት የዓለም ሻምፒዮኖች ቢሆኑም፣ ትናንት ሞተር መንዳት የጀመሩ አራት ወጣቶች ቢሆኑም ያው 6 ነው። ስለዚህ ተጨማሪ ነጥቦቹን ወደ ጎን ብንተዋቸው፣ የመላው ሊግ አማካይ በጠንካራውም በደካማውም ዓመት 6 አካባቢ ይሆናል። አማካይ ነጥብ አንድ ሰው በጊዜው ከነበሩት ባላንጣዎቹ አንጻር የት እንደቆመ ይነግረናል፤ ባላንጣዎቹ ራሳቸው የት እንደቆሙ ግን አይነግረንም። ይህን ሳያስተውሉ የ1970ን 10 ነጥብ ከ2010 10 ነጥብ ጋር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ማስተካከል፣ በሁለት የተለያዩ ሚዛኖች የተመዘነን እህል እንደማወዳደር ነው።

የግጥሚያው አሠራርም ቁጥሩን ያዛባዋል። በ1970ዎቹ የብሪታንያ ሊግ ግጥሚያ 13 እሽቅድምድሞች ስለነበሩት የሚከፋፈለው ነጥብ 78 ነበር፤ ለዚህም ነው 40 ለ38 የሚል ውጤት በዚያ ዘመን መዝገቦች ውስጥ ደጋግሞ የሚታየው። በኋላ እሽቅድምድሞቹ 15 ሲሆኑ ድምሩ 90 ደረሰ። በመጨረሻው እሽቅድምድም አሠልጣኞች የዕለቱን ምርጦቻቸውን መርጠው እንዲያሰልፉ ስለተደረገም ጠንካሮቹ እርስ በርስ የሚገናኙበት ጊዜ ጨመረ። ብርቱ ከብርቱ ጋር በተገናኘ ቁጥር የሁለቱም አማካይ ወደ ታች ይሳባል፤ ችሎታቸው ግን አልቀነሰም።

የሰዓት መዝገብም ቢሆን እምብዛም አይረዳም። እስከ 1960ዎቹ ድረስ የነገሠው የጃፕ ሞተር ቦታውን ለቼኮዝሎቫኪያው ኤሶ፣ በኋላም ጃዋ ለተባለው ለቀቀ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ባለ አራት ቫልቩ ዌስሌክ መጣ፤ በ1990ዎቹ ደግሞ ሞተሩን አጋድሞ መግጠም ተለመደ። በዚህ ላይ የመሞቹ ርዝመት የተለያየ ነው፤ የአንዱ መም አፈር እንኳ በዝናብና በፀሐይ፣ ውኃ በማጠጣትና በመደልደል በአንድ ምሽት ውስጥ ይለዋወጣል። የተሻሻለ ሰዓት ስናይ የተሻሻለው ሰውየው ይሁን ሞተሩ ለይተን ማወቅ አንችልም።

ታዲያ ምን ይቀራል? ለእኔ ከሁሉ የሚታመነው ማስረጃ ከአንዱ ሊግ ወደ ሌላው የተሻገሩ ሰዎች ውጤት ነው። ለዚህ የ1965ቱን የብሪታንያ ውሕደት ያህል ግሩም ምሳሌ አላውቅም። እስከ 1964 ድረስ አንጋፋው ናሽናል ሊግና በ1960 የተመሠረተው ፕሮቪንሻል ሊግ ለየብቻ ይካሄዱ ነበር፤ የኋለኛው እንደ ሁለተኛ ደረጃ ይቆጠር ነበር። በ1965 ሁለቱ ተዋሕደው 18 ቡድኖች ያሉት ብሪቲሽ ሊግ ተመሠረተ፤ ተለያይተው የኖሩት ተወዳዳሪዎችም በአንድ መም ላይ ተፋጠጡ። በመጀመሪያው ዓመት ዋንጫውን የወሰደው ከአንጋፋው ወገን የመጣው ዌስት ሃም ነበር፤ በሁለተኛው ዓመት ግን በ1964 በናሽናል ሊጉ ውስጥ ያልነበረው ሃሊፋክስ አሸነፈ። ከዚህም የበለጠ የሚናገረው የኒውዚላንዱ የአይቫን ሞገር ታሪክ ነው። በ1963 እና በ1964 ሞገር ለኒውካስል እየተወዳደረ የፕሮቪንሻል ሊጉን የግል ሻምፒዮና አሸንፎ ነበር። ያ ውጤት በወቅቱ የታናሽ ሊግ ድል ቢመስልም፣ ሰውየው በ1968 የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮናነት አገኘ፤ በ1979 ደግሞ ስድስተኛውን። ያ ሊግ ከላይ ሲታይ ከሚገመተው የበለጠ ብርቱ እንደነበር ያወቅነው ሞገር ድልድዩን ስለተሻገረ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የክምችት ጉዳይ ነው፤ ከዓለም ምርጦች መካከል ምን ያህሉ በዚያ ሊግ ውስጥ ነበሩ? በዚህ መለኪያ ከ1970ዎቹ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ የነበረው የብሪታንያ ሊግ በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበረውም ብዬ አምናለሁ። ሞገር፣ ዴንማርካዊው ኦሌ ኦልሰን፣ እንግሊዛዊው ፒተር ኮሊንስ፣ አሜሪካዊው ብሩስ ፔንሆል፣ ዴንማርካዊው ሃንስ ኒልሰን፣ ሁሉም የዓለም ሻምፒዮኖች ሲሆኑ ሁሉም በየሳምንቱ በእንግሊዝ መሞች ላይ ይታዩ ነበር። ሆኖም ያም ክምችት ሙሉ አልነበረም። ከዚያ ቀደም ብሎም በ1964 እና በ1965 በተከታታይ የዓለም ሁለተኛ የሆነው የሶቪየት ኅብረቱ ኢጎር ፕሌኻኖቭ በብሪታንያ ሊግ አልተወዳደረም። በ1973 በፖላንዷ ሆዡፍ ከተማ በተካሄደው የዓለም ፍጻሜ ሞገርን በመለያ እሽቅድምድም ረትቶ ዓለምን ያስደነቀው ፖላንዳዊው የዢ ሽቻኪየልም የአገሩ ሊግ ልጅ ነበር።

ዛሬ ክምችቱ ወደ ፖላንድ ዞሯል። በ1990 የፖላንድ ሊግ በሩን ለውጭ ተወዳዳሪዎች ሲከፍት ኒልሰን ለሉብሊን ቡድን ተሰለፈ፤ ገንዘቡና ተመልካቹም ቀስ በቀስ ወደዚያ አመራ። ከ2019 ወዲህ የዓለም ሻምፒዮናነትን ደጋግሞ የወሰደው ባርቶሽ ዝማዥሊክም የዚያው ሊግ ፍሬ ነው። ነገር ግን አንድ ልዩነት አለ፤ ሽቅድድሙ በስዊድን ማክሰኞ፣ በፖላንድ ዓርብና እሑድ ስለሚደረግ አንድ ሰው በሁለትና በሦስት አገሮች ይሰለፋል። ድሮ አንድ ተወዳዳሪ በአብዛኛው ለአንድ ሊግ ይቆጠር ነበር፤ ዛሬ ያው ሰው የሁለት ሊጎችን ክምችት በአንድ ጊዜ ስለሚያበዛ፣ የስም ዝርዝር ብቻ መቁጠር ያሳስታል።

ከላይ «አምስተኛና ስድስተኛ» ያልኳቸው ሰዎች የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። የብሪታንያ ክለቦች ቡድን ሲገነቡ የተወዳዳሪዎቻቸው አማካይ ድምር ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚያስገድድ ደንብ አለ፤ በፖላንድ ደግሞ ቡድኖች ከ21 ዓመት በታች የሆኑ ወጣቶችን ማሰለፍ ይጠበቅባቸዋል። ሁለቱም ደንቦች ጥሩ ዓላማ አላቸው፤ ሁለቱም ግን የሊጉን የታችኛውን ወለል ይወስናሉ። ኮከቦች የሞሉበት ሊግ ደካማ ተጠባባቂዎች ካሉት፣ ከእሽቅድምድሞቹ ብዙዎቹ ገና ሳይጀመሩ ውጤታቸው የታወቀ ይሆናል።

የተሻገሩት ሰዎች ሰንሰለት ዘመናትን ሊያያይዝ ቢችልም፣ እያንዳንዱ ቀለበት የራሱን ስሕተት ይዞ ይሄዳል፤ ሰው ያረጃል፣ ይጎዳል፣ ሞተር ይቀይራል። ስለዚህ የ1964ን ሊግ ከ1966ቱ ጋር በእርግጠኝነት፣ የ1975ን ከ1985ቱ ጋር በጥንቃቄ አወዳድራለሁ። የ1975ን የብሪታንያ ሊግና የ2024ን የፖላንድ ሊግ ግን የማስቀምጣቸው፣ እያንዳንዳቸው የዘመናቸውን ምርጥ ምን ያህል ሰብስበው እንደነበርና በስተታች ምን ያህል ጥልቀት እንደነበራቸው በመጠየቅ ብቻ ነው።