ሚሲዮን ውስጥ ኢንተርን መሆን ሲባል

«ሚሲዮን» ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን የወንጌል ሚሲዮን ነው። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኤምባሲ አንድ አገር ሌላ አገር ዘንድ የሚወከልበት ነው፤ ስዊዘርላንድ ላይ አብዛኞቹ ኤምባሲዎች ያሉት በርን ነው። ቋሚ ሚሲዮን ደግሞ አገሩ በተባበሩት መንግሥታት ዘንድ የሚወከልበት ቢሮ ነው። የሰብዓዊ መብት ሥራ የሚበዛው ጄኔቫ ነው፤ 47 አባል አገሮች ያሉት የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት የሚሰበሰበው እዚያ ነዋ።

ሰው የሚምታታበት ይሄ ነው፦ ሚሲዮን ውስጥ የሚለማመድ ተማሪ የተባበሩት መንግሥታት ኢንተርን አይደለም። አለቃው ሚሲዮኑን የላከው መንግሥት ነው። ማመልከቻውም የሚገባው እዚያው ነው። የአገሩን ዜግነት የሚጠይቁ ሚሲዮኖችም አሉ።

ምክር ቤቱ በዓመት ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በድምሩ ከ10 ሳምንት ላላነሰ ጊዜ ይሰበሰባል። ያኔ ኢንተርኑ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ማን ምን እንዳለ ይጽፋል፤ ወደ አገር ቤት ለሚላከው ሪፖርት ረቂቅ ያዘጋጃል። የውሳኔ ሐሳብ ሲረቀቅ በአንዲት ቃል ስንት ሰዓት እንደሚከራከሩም ያያል። ይሰለቻል፤ ለእኔ ግን ዋናው ትምህርት እሱ ነው።

ድምፅ የሚሰጡት አባላቱ ብቻ ናቸው። የቀሩት አገሮች በታዛቢነት ይናገራሉ፣ ይደራደራሉ። ስለዚህ አባል ያልሆነ አገር ሚሲዮን ውስጥም ሥራ አይጠፋም።

ሲቪ ላይ ግን «የተባበሩት መንግሥታት ሠራተኛ ነበርኩ» ማለት አያስኬድም።