ዶክመንተሪ ምንድን ነው? ድፍረት ዶክመንተሪ አይደለም እኮ!

ሰሞኑን አንድ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንዷ ልጅ ስለሴቶች ሕይወትና መብት የሚያወራ ጥሩ ዶክመንተሪ ጠቁሙኝ ብላ ጠየቀች፣ መልሱ ጎረፈ፣ ግማሹ "ድፍረት" የሚባለውን የአገራችንን ፊልም ነው የሚለው። አላስችል ብሎኝ ድፍረት ዶክመንተሪ አይደለም አልኩ። አንዱ ወንድማችን "እውነተኛ ታሪክ ነው እኮ፣ ምኑ ነው ዶክመንተሪ ያልሆነው?" ብሎ ድርቅ አለብኝ፣ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሥራዬን ሲያውቅ "አንቺማ ኤዲተር ነሽ፣ ኤዲት ከተደረገ ዶክመንተሪ አይባልም" አለኝ። ሁለቱም ካንድ አፍ! እንግዲህ እኔ ጅማ ቁጭ ብዬ የሰው ቪዲዮ ስቆርጥ ስቀጥል የምውል ሰው ነኝ፣ ይሄን ሰምቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።

መጀመሪያ ድፍረትን እንጨርስ። በ2014 (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ሰንዳንስ የሚባለው የአሜሪካ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የተመልካች ሽልማት ሲያገኝ ምድቡ የዓለም ሲኒማ ድራማ ነበር፣ ዶክመንተሪ እዛው ሰንዳንስ ላይ የራሱ ምድብ አለው። ፊልሙ ጠላፊዋን ገድላ ስለተከሰሰች ልጅ ነው፣ ጠለፋው የእውነት ደርሷል፣ ክሱም የእውነት ነበር፣ ግን ስክሪኑ ላይ ጠበቃ መዓዛ አሸናፊን ሆና የምታዩዋት ሜሮን ጌትነት ናት፣ የምትናገረውም ተጽፎ የተሰጣትን ነው። ሜሮን ጎበዝ ናት፣ እሱ ላይ ጠብ የለኝም። "በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ" ማለት ግን ተመሠረተ ማለት ነው እንጂ ታሪኩ ራሱ ነው ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ኤዲቲንጉ። የጅማን በርጩማ የማያውቅ የለም መቼም። ጠራቢው አንድ ግንድ ዋንዛ ይይዝና በመጥረቢያና በመሮ እየጠረበ፣ መቀመጫውንም እግሮቹንም ከዛው ካንዱ ግንድ ያወጣቸዋል፣ ምስማር የለ ኮላ የለ። ዶክመንተሪ ማለት እሱ ነው። 50 ሰዓት ቀርፀህ አንድ ሰዓት ተኩል ታወጣለህ፣ የቀረው ፍቅፋቂ ነው። ወንድሜ፣ "ካልተነካ ነው እውነት የሚሆነው" ካልክ ያልተጠረበ ግንድ ላይ ሄደህ ተቀመጥበት። ተዋናይ ያለው ፊልም ደግሞ የአናጢ ሥራ ነው፣ ጣውላ ለክቶ ቆርጦ በስዕሉ መሠረት ይገጥማል፣ ቆንጆ ወንበርም ይወጣዋል። ሁለቱም ያስቀምጣሉ፣ ጠራቢው ግን ግንዱ ውስጥ የሌለ እግር ማምጣት አይችልም።

ሦስተኛም አለ፣ የፕላስቲክ ወንበር። የካቲት 29 ማርች ኤይት ሲደርስ በየአዳራሹ የሚከፈተው ቪዲዮ፣ ድሮን ተነስቶ ከተማዋን ያሳያል፣ ክራር ይገባል፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰውዬ ይተርካል፣ ከዛ አንዲት እናት መጥታ ፕሮጀክቱ ሕይወቴን ቀየረልኝ ትላለች፣ ስሟ ስር "ተጠቃሚ" ተብሎ ይጻፋል። ሰፈሯ አዴ እከሊት ተብላ የምትከበር ሴትዮ እኮ ናት! እኔም ብዙ ሠርቻለሁ፣ እንጀራ ነው፣ ግን ማስታወቂያ ነው፣ ማስታወቂያ በሉት፣ ምንም ነውር የለውም። ዶክመንተሪ ስትሉት ነው የሚያናድደኝ።

እንዴት ይለያል ካላችሁኝ ጉጡን ፈልጉ። እንጨት ጉጥ አለው አይደል፣ ጠራቢው ሲደርስበት መሮው ይዘልበታል፣ እንግዲህ ያሰበውን ቅርፅ ትቶ ጉጡን ተከትሎ ይሄዳል። ሰው ሲቀረፅም እንደዛ ነው፣ ያልጠበቅከውን ነገር ይናገራል። አንዴ ለአንድ መሥሪያ ቤት (ስሙ ይቅር) የቁጠባ ማኅበር ቪዲዮ ስሠራ አንዷ እናት በኦሮምኛ እየመለሰች እየመለሰች ድንገት ካሜራውን ትታ ወደ ሠራተኛው ዞረችና "ቆይ፣ ብድሩን የወሰድኩት እኔ ሆኜ ለምን ባሌን አስፈረማችሁት?" አለችው። ሰውየው ሳል ያዘው። 40 ሰከንድ ናት፣ ከሙሉ ቀን ቀረፃ እሷን የሚያህል አልነበረም። እሷን አውጪልን ተባልኩ፣ አወጣሁ። ከዛ የቀረውን የሷን ድምፅ ዝቅ አድርጌ በላዩ ላይ የአማርኛ ተራኪ ጫንኩበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ የሰውን ድምፅ በተራኪ ከምትሸፍኑ ትርጉሙን ከስር ጻፉት፣ ሁለት መስመር ይበቃል፣ ስልክ ላይ የሚያይ ሰው ስላለ ፊደሉን ተለቅ አድርጉት፣ ተመልካቹ ቋንቋውን ባይሰማ እንኳን ቁጣዋን ይሰማል።

"ግን ካሜራ ያላየውስ?" የሚል ጥሩ ጥያቄ ደግሞ መጣ። በ2008 የወጣው ፕሬይ ዘ ዴቭል ባክ ቱ ሄል የሚለው የላይቤሪያ ሴቶች ዶክመንተሪ አለ፣ ልጅቷ ከጠየቀችው ጥያቄ ጋር የሚሄደው እሱ ነው። በ2003 ጦርነቱ ላይ ክርስቲያኖቹም ሙስሊሞቹም ነጭ ለብሰው አንድ ላይ ተቀመጡ፣ ድርድሩ ጋና አክራ ሲጓተት በሩን ዘግተው ሳትስማሙ አትወጡም አሉ፣ ጠባቂ ሊያስነሳቸው ሲመጣ መሪያቸው ሌይማ ቦዊ ልብሴን አወልቃለሁ ብላ ተነሳች። እናት እንዲህ ስትል ምን ማለት እንደሆነ ሲንቄ (የኦሮሞ ሴቶች የመብታቸው ምልክት የሆነው በትር) ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቦዊ በ2011 ኖቤል ከተሸለሙት ሦስት ሴቶች አንዷ ሆነች። እንግዲህ ፊልሙን የሠሩት ሰዎች የነዛን ሴቶች ምስል ሲፈልጉ የተቸገሩት ምን ቢሆን ጥሩ ነው፣ ጦርነቱን የቀረፀው ካሜራ ሁሉ ያየው ጠመንጃ የያዘውን ወንድ ነው። ስለዚህ ከየቦታው ቁርጥራጭ ለቀሙ፣ ሴቶቹንም አስቀምጠው ራሳቸው እንዲያወሩት አደረጉ። የጎደለውን በተዋናይ አልሞሉትም።

በርጩማዬ እዚህ ጋ ይሰበራል ግን። እንጨት ከተጠረበ በኋላ አይናገርም፣ ሰው ይናገራል። ራይቲንግ ዊዝ ፋየር የሚባለው ዶክመንተሪ ሕንድ ውስጥ በ2002 የተጀመረ ካባር ላሃሪያ የሚባል የሴቶች ጋዜጣ ላይ የተሠራ ነው፣ ዳሊት የሚባሉት፣ በዘር ተዋረድ ከታች የተደረጉት ሴቶች፣ ስልክ ይዘው ዜና ሲሠሩ ያሳያል። እስከ ኦስካር እጩነት ደረሰ። ልክ ሽልማቱ ሊደርስ ሲል በ2022 ጋዜጠኞቹ ራሳቸው መግለጫ አወጡ፣ ፊልሙ ያንድ ፓርቲን ጉዳይ ነጥሎ ይዟል፣ እኛን በሙሉ አያሳይም አሉ። ፊልሙ ውሸት ነው ማለት ነው? አይደለም። ምስሉ የነሱ ነው፣ ጠራቢው የመረጠው በኩል ግን የነሱ አልነበረም። ኤዲት ከተደረገ ዶክመንተሪ አይባልም ያልከኝ ወንድሜ በዚህ ብትመጣብኝ ኖሮ እጄን እሰጥህ ነበር፣ መቁረጤ አይደለም ችግሩ፣ ማን ፊት ነው የቆረጥኩት የሚለው ነው። ቢያንስ ሳይለቀቅ በፊት ለባለቤቶቹ አሳይቶ ቅር የሚላቸውን መስማት ይቻላል፣ እንደፈለጉት ባይስተካከልም።

ያቺ 40 ሰከንድ ሃርድ ዲስኬ ላይ አለች። ጓደኞቼ ልቀቂያት፣ ቫይራል ትሆናለች ይሉኛል። የፈቃድ ፎርሙ ላይ የፈረመችው ግን ለዛ ለቁጠባ ማኅበሩ ቪዲዮ ብቻ ነው፣ ከስሩ ደግሞ የባሏም ፊርማ አለ።