ሃይፖታይሮይዲዝም ምንድን ነው?

ስንፍና የሚመስል ሕመም አለ። ሰው በቂ እንቅልፍ ተኝቶ ደክሞት ይነሳል። ሌላው ሳይበርደው እሱ ይንዘፈዘፋል። አበላሉን ሳይጨምር ኪሎ ይጨምራል። ሆዱ ይደርቃል፣ ቆዳው ይሻክራል፣ ፀጉሩ ይረግፋል፣ የነገሩትን ቶሎ ይረሳል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ ከቁም ነገር አይገባም። «ዕድሜ ነው»፣ «ጭንቀት ነው» እየተባለ ዓመታት ያልፋሉ። በጣም የሚያሳዝነኝ ደግሞ ሰውየው ራሱን «ሰነፍኩ» ብሎ መውቀሱ ነው።

ሃይፖታይሮይዲዝም ማለት የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ ነው። ታይሮይድ አንገት ላይ ከፊት በኩል ያለ፣ ቢራቢሮ የሚመስል ትንሽ ዕጢ ነው። ሰውነት ጉልበትን በምን ፍጥነት እንደሚጠቀም የሚወስነው የእሱ ሆርሞን ነው። ሲያንስ ልብም፣ አንጀትም፣ ሐሳብም ይንቀረፈፋል። ምልክቱ እዚህም እዚያም የሚታየው ለዚህ ነው። ሴቶች ላይ የወር አበባ ሊበዛ ወይም ሊዛባ፣ ፅንስም አልይዝ ሊል ይችላል።

በዓለም ላይ ዋናው መንስኤ የአዮዲን እጥረት ነው። እንቅርትም አብሮት ሊመጣ ይችላል። አዮዲን በበቂ በሚገኝበት ቦታ ግን ሰውነት የራሱን ዕጢ የሚያጠቃበት ሕመም ይቀድማል። ጃፓናዊው ሐኪም ሃሺሞቶ በ1912 እ.ኤ.አ. ስለገለጸው በስሙ ይጠራል። በዚህ ሴቶች ከወንዶች ይልቅ በብዛት ይያዛሉ።

ምርመራው የደም ነው። ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው፤ «ሆርሞን አንሶሃል» ተብሎ ውጤቱ ላይ ከፍ ያለ ቁጥር ያያል። ከፍ ያለው ቲኤስኤች ነው። እሱን የሚልከው ከአንጎል ሥር ያለው ፒቱታሪ ዕጢ ነው። ታይሮይድ ሲዳከም ፒቱታሪ «በርታ፣ አምርት» እያለ መልእክቱን ያበዛል። ስለዚህ ቲኤስኤች ከፍ ብሎ የታይሮይዱ ሆርሞን ቲ-4 ዝቅ ካለ ነገሩ ግልጽ ነው።

ሕክምናው የጎደለውን መተካት ነው። በ1891 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ ማሪ ከበግ ታይሮይድ ያወጣውን ፈሳሽ ለአንዲት የ46 ዓመት ሴት ወጋት። በሕክምናው 28 ዓመት ኖረች። ዛሬ ሌቮታይሮክሲን የሚባል ኪኒን አለ። አወሳሰዱ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በውሃ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድሞ ይዋጣል። የብረትና የካልሲየም ኪኒን ከእሱ በ4 ሰዓት ልዩነት ይራቅ፤ አለዚያ መድኃኒቱ በደንብ ወደ ደም አይገባም። ለውጡ በአንድ ቀን አይታይም። ቲኤስኤች የሚደገመው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው። «ተሻለኝ» ብሎ በራስ ማቆም ትልቅ ስህተት ነው፤ የተሻለው ኪኒኑ ስላለ ነው፣ አብዛኛው ሰውም ዕድሜ ልኩን ይወስደዋል። «ቶሎ ይሻለኝ» ብሎ መጨመርም ልብን ይጎዳል። ያረገዘች ሴት መጠኑ ሊጨመርላት ስለሚችል እርግዝናዋን እንዳወቀች ለሐኪሟ ትንገር።

ሕፃናት ላይ ጊዜ አይሰጥም። ሆርሞኑ አንሶት የሚወለድ ልጅ መጀመሪያ ጤነኛ ይመስላል፤ አንጎሉ ግን ይጎዳል። ከተወለደ በቀናት ውስጥ ከተረከዙ በሚወሰድ ጠብታ ደም ይታወቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ኪኒኑ ከተጀመረለት አብዛኛውን ጊዜ እንደ እኩዮቹ ያድጋል።