ሄጀመኒ ምንድነው? ከከርቸሌ እስከ ለገሃር

ከርቸሌ የምንለው ቃል የጣልያንኛው ካርቸሬ ነው፣ እስር ቤት ማለት። ዛሬ ስለ ኃያላን ፉክክር ሲጻፍ ከሚነሱት ቃላት ዋናው፣ ሄጀመኒ የሚባለው፣ አሁን በምናውቀው ትርጉሙ የተብላላው እዚያው የሙሶሎኒ ካርቸሬ ውስጥ ነው። አንቶኒዮ ግራምሺ የሚባል ኮሚኒስት በ1926 ታሰረ (ዓ.ም. ካላልኩ በፈረንጅ ነው የምቆጥረው)፣ ከ1929 እስከ 1935 ደብተር በደብተር ላይ ሲሞላ ቆየና በሚያዝያ 1937 ሮም ውስጥ አንድ ክሊኒክ ሞተ፣ ይሄ እንግዲህ አዲስ አበባ ላይ የየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ጭፍጨፋ ከተፈጸመ ሁለት ወር ግድም በኋላ ነው፣ እዚያ ሰውየውን ያሰረውና እዚህ ሕዝቡን የጨፈጨፈው አገዛዝ አንድ ነው። የኛው ከርቸሌ ደግሞ ዓለም በቃኝ ከሚባለው ክፍሉ ጋር በ2007 ፈረሰ፣ ቦታው ላይ አሁን የአፍሪካ ህብረት ሕንጻ ቆሟል። ወደሱ እመለሳለሁ።

ግራምሺን ያስጨነቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ጥቂት ሰው ብዙውን ሰው ሁልጊዜ በዱላ እየነዳ መግዛት አይችልም፣ ታዲያ እንዴት ይገዛል? መልሱ በእሺታ ነው። ተገዢው የገዢውን ዓለም እንደ ተፈጥሮ ሥርዓት ሲያየው፣ ሌላ አማራጭ አለ ብሎ ማሰቡ ራሱ ሞኝነት ሲመስለው፣ ያኔ ሄጀመኒ አለ ይባላል፣ ዱላው አልጠፋም ከኋላ ተደግፎ ቆሟል እንጂ። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ የሚለው ተረታችን ከየትኛውም ትርጉም በላይ ነገሩን ያስረዳል። ማንም ጠመንጃ ደግኖ አላስጠናንም፣ ከአያት የሰማነው ምክር ነው፣ ኃይሉም እዚያ ላይ ነው።

አሁን ይሄን ወደ ዓለም ፖለቲካ እናምጣው። አራት ኪሎ ወይ ፒያሳ ማኪያቶ ይዞ ስለ ዓለም የሚያወራ ሰው ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፣ አሜሪካ አለቀላት ወይስ ገና ናት፣ ቻይና በለጠች አልበለጠችም፣ ልክ እንደ ኳስ። ሪያሊስት የሚባሉት (ዓለምን በመንግሥታት የኃይል ሚዛን የሚያዩት) ምሁራንም ቋንቋቸው ረቀቅ ይበል እንጂ ከዚህ ብዙ አይርቁም፣ ለምሳሌ አሜሪካዊው ግራሃም አሊሰን ባለፉት 500 ዓመታት አንድ ታዳጊ ኃይል ነባሩን የተገዳደረባቸው 16 አጋጣሚዎችን ቆጥሮ 12ቱ በጦርነት አለቁ ብሏል፣ በጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ስም የቱሲዲደስ ወጥመድ የሚባለው ይሄ ነው። ሂሳዊ ንድፈ ሐሳብ (ክሪቲካል ቲዎሪ ብንለው ይቀለኛል) ከዚህ ጨዋታ ወጣ ብሎ ሜዳውን ማን ሠራው ብሎ ይጠይቃል። ሥሩ በ1923 የተቋቋመው የፍራንክፈርት የማኅበራዊ ምርምር ተቋም ነው፣ ማክስ ሆርክሃይመር በ1937 ዓለምን እንዳለች ተቀብሎ የሚያጠናውን ቲዎሪና ዓለም እንዲህ የሆነችው እንዴት ነው የሚለውን ለይቶ ጻፈ። ይሄንን ከግራምሺ ጋር አዋህዶ ወደ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ያመጣው ካናዳዊው ሮበርት ኮክስ ነው፣ በ1981 እና በ1983 በጻፋቸው ሁለት ጽሑፎች፣ ቲዎሪ ሁልጊዜ ለሆነ ሰው ለሆነ ዓላማ ነው የምትለዋ የሱ ናት።

ኮክስን የሚለየው ነገር ብዙ ዓመት በዓለም ሥራ ድርጅት ውስጥ ሠርቶ የመጣ ሰው መሆኑ ነው፣ ቢሮውን ከውስጥ ያውቀዋል። የዓለም ሥርዓት የሚቆመው ጉልበት፣ ሐሳብና ተቋም ሲገጣጠሙ ነው ይላል፣ ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ደግሞ የኃያሉን ደንብ የሁሉም ደንብ ያስመስላሉ፣ ዳር ላይ ካሉት ድሃ አገሮች የተማረውን ሰው ወደራሳቸው ይስባሉ፣ የተቃውሞ ሐሳብ ሲመጣም ውጠው አለስልሰው የራሳቸው ያደርጉታል። ካዛንቺስ አካባቢ ወርክሾፕ ተካፍሎ አበል ፈርሞ የወጣ ሰው ይሄ አይጠፋውም፣ ከአዳራሹ ስትወጣ አፍህ ላይ ስቴክሆልደር፣ ካፓሲቲ ቢልዲንግ ምናምን የሚል ቋንቋ ተጣብቆ ታገኘዋለህ፣ ማንም አላስገደደህም።

የዓለም ሥርዓት ተንታኞች የሚባሉት የኮክስ ጎረቤት ናቸው። አሜሪካዊው ዋለርስታይን በ1974 ዓለምን ማዕከል፣ ዳርና መሀል ላይ ያሉ ብሎ ከፈላት፣ ጣልያናዊው አሪጊ በ1994 የጄኖዋን፣ የሆላንድን፣ የእንግሊዝንና የአሜሪካን የበላይነት በተራ አስቀምጦ ሄጀመኑ (የበላይ የሆነው ኃይል) ሲያረጅ ከማምረት ወደ ገንዘብ ንግድ ይዞራል አለ። ግብጻዊው ሳሚር አሚን ግን ጌታ መለወጥ ምን ያደርጋል፣ ከውጭ ጋር ያለንን ግንኙነት ለውስጥ ፍላጎታችን እናስገዛው ነው ያለው፣ በር እንዝጋ አላለም፣ ብዙ ሰው ግን እንደዛ ነው የሚረዳው።

ከዚህ በኋላ በእግር ብንሄድ ይሻላል። በእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ስም በሚጠራው ቸርችል ጎዳና ላይ፣ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት፣ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ በ1984 የተሠራው የትግላችን ሐውልት ኮከቡን ጫፉ ላይ ይዞ ቆሟል፣ ግቢው ውስጥ የሞቱ ኩባውያን መታሰቢያ አለ። አፍሪካ አዳራሽ ፊት የነበረው ሌኒን ግንቦት 1983 ዓ.ም. ላይ ወረደ። ከምሥራቅ ጀርመን የመጣው የማርክስ ራስ ግን ከአራት ኪሎ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ እስካሁን አለ፣ አልፎ ሂያጁ ዞር ብሎም አያየውም። አፍሪካ አዳራሽ ራሱ በ1961 የተመረቀ የጃንሆይ ስጦታ ነው፣ መስታወቱ የአፈወርቅ ተክሌ፣ የሕንጻው ንድፍ ግን የጣልያናዊው ሜዜዲሚ፣ ያውም ጣልያን ከወጣ 20 ዓመት በኋላ።

የህብረቱ ሕንጻ ደግሞ ጥር 2012 የተመረቀ፣ 200 ሚሊዮን ዶላር የወጣበትና ማማው 99.9 ሜትር የሆነ የቻይና ስጦታ ነው፣ እዚያው ግቢ ያለውን የሰላምና ደህንነት ሕንጻ ያሠራችው ጀርመን ናት። በ2018 ለሞንድ ጋዜጣ ከሕንጻው መረጃ በየሌሊቱ ወደ ሻንጋይ ይላካል ብሎ ጻፈ፣ ቻይናም ህብረቱም ውሸት ነው አሉ፣ ዓለም ሁሉ ስለ ስለላው ተከራከረ። በኮክስ ዓይን ካየነው ግን ስለላው ትንሹ ነገር ነው። ትልቁ፣ የአንድ አህጉር ቤት በሌላ ሰው ገንዘብ መሠራቱ ማንንም አለማስገረሙ ነው።

እዚህ ላይ ግን የምቃወማቸው ነገር አለ። ብዙዎቹ ቲዎሪዎች ተቀባዩን እንደ ድንጋይ ነው የሚያዩት። ጄምስ ስኮት የሚባል አሜሪካዊ በ1990 ተገዢው በሐሳብም ተገዝቷል የሚለውን አባባል የተቃወመበትን መጽሐፍ የከፈተው በኢትዮጵያ ተረት ነው፦ ጌታው ሲያልፍ ብልህ ገበሬ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል፣ ድምፅ ሳያሰማም ይፈሳል። እሺታ የመሰለው ሁሉ እሺታ አይደለም ማለቱ ነው። ጃንሆይ አሥመራ ላይ አሜሪካኖችን በቃኘው የጦር ሰፈር አስቀምጠው በ1959 ሞስኮ ሄደው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር ይዘው መጡ፣ የአሰብ ማጣሪያ የመጣው በዚያ በኩል ነው። አሁንም ኢትዮጵያ ጥር 2024 እነ ቻይናና ሩሲያ ያሉበት ብሪክስ ውስጥ ገባች፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ብሩን በገበያ እንዲወሰን ለቃ ከአይኤምኤፍ የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ፕሮግራም አገኘች፣ በአንድ ዓመት ውስጥ። ብልጠት ነው ወይስ ጭንቀት? ይሄ እንደ ተናጋሪው ነው፣ እኔ ሁለቱም ይመስለኛል።

አንድ ያልተዘጋ ክርክር ቀርቷል፣ እሱም ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሌኒን ኃያላን ዓለምን ለመከፋፈል መዋጋታቸው አይቀርም አለ፣ ጀርመናዊው ማርክሲስት ካውትስኪ ግን በ1914 እንደ ነጋዴ ማኅበር ተስማምተው አብረው ሊበሉም ይችላሉ አለ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ለሌኒን የፈረደ መስሎ ነበር፣ በቅርቡ ግን ዊልያም ሮቢንሰን የመሳሰሉት ድንበር ዘለል ከበርቴ መደብ ተፈጥሯል፣ ፉክክሩ ላይ ላዩን ነው እያሉ ካውትስኪን ወደሚመስል ነገር ተመልሰዋል።

ለገሃር ላይ ቆሞ መፍረድ ያስቸግራል። የፈረንሳዮቹ ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው፣ የቻይናው በ2016 ተመረቀ፣ ጣቢያውም ከለገሃር ወጥቶ ወደ ፉሪ ለቡ ሄደ። አሮጌው ጣቢያ አካባቢ በ2018 ሰፈር ልሥራ ብሎ የመጣው ደግሞ የአቡዳቢው ኩባንያ ኢግል ሂልስ ነው፣ አቡዳቢም ብራዚላዊው ማሪኒ ንኡስ ኢምፔሪያሊዝም ብሎ የጠራውን፣ ከትልልቆቹ በታች ሆኖ በትንንሾቹ ላይ የሚሰፋ መካከለኛ ኃይል፣ ትመስላለች። ከስታዲየም በላይ የሚያልፈው የከተማው ባቡር 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቶ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የመጣ ብድር ነው፣ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ነበር፣ በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚሉ ሰዎች እዚያው ታክሲ ሰልፍ ላይ አይጠፉም። ታኅሣሥ 2023 ላይ አገሪቱ የዩሮቦንድ (ከውጭ ባለሀብቶች በቦንድ የተበደረችው) ወለድ 33 ሚሊዮን ዶላር ሳትከፍል ቀረች። የመንግሥታት ብድር እንዴት ይሸጋሸግ የሚለውን ሲነጋገር የቆየ የአበዳሪዎች ኮሚቴ አለ፣ ሊቀ መንበሮቹ ሁለት ናቸው፦ ፈረንሳይና ቻይና።